አዲሷ መኪናዬ ሳይክለኛውን ሰወረችብኝ፤ ከፊት ምሰሶው ጀርባ የሚቀረውን እንዴት ልየው?

ጠያቂ፦ የአባይ ማዶው

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ መኪና ነድቻለሁ፤ አብዛኛውን ዘመን የነዳሁትም ሁላችሁም የምታውቋትን ዲኤክስ ነው። ባለፈው ዓመት እሷን ሸጥሁና፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን እየበዙ ከመጡት የቻይና ሥሪት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዷን ገዛሁ። በጉልበቷም ሆነ በዝምታዋ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ውስጧ ተቀምጬ ውጭውን እንደ ልቤ ማየት አለመቻሌ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከቤቴ ተነሥቼ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻገርሁና አንድ አደባባይ ላይ ደረስሁ። ፍጥነቴን ቀንሼ ወደ ግራ አየሁ፤ መንገዱ ባዶ ነበር። እግሬን ፔዳሉ ላይ ሳሳርፍ ከመኪናዬ የፊት መስታወት በስተግራ ካለው ምሰሶ ጀርባ፣ ከመሬት እንደ በቀለ ሁሉ፣ የወተት ጀሪካን ከኋላው ያሰረ ሳይክለኛ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝሁ። ጀሪካኑ ከፓራውልቴ አንድ ክንድ ያህል ርቆ አለፈ። ሰውየው ዘወር ብሎ እንኳ አልሰደበኝም፤ ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ። የእኔ እጅ ግን ቢሮ ከገባሁም በኋላ ብዕር መያዝ አቅቶት ነበር።

ማታ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። በፊት መስታወቱና በሾፌሩ በር መካከል ያለው ምሰሶ ከነሽፋኑ፣ ከመቀመጫዬ ሆኜ ሳየው፣ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዓይኔ ያለው ርቀት ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጎረቤቴን ዲኤክስ ለክቼ ያገኘሁት 6 ሳንቲ ሜትር ነው። የዓይን ሐኪም ዘንድም ሄጄ ዓይኔ ደኅና እንደሆነ ተነግሮኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ካሜራ ባስገጥም ይህ ችግር ይቃለላል? ወይስ የአነዳድ ልማዴን መለወጥ ይኖርብኛል? ክረምት ሲገባ ደግሞ መስታወቷ ከውስጥ ላብ እየያዘ የባሰ ያስቸግረኛል።

መልስ፦ ጡረተኛው የመንጃ አሰልጣኝ

ወንድሜ፣ እንኳን ሰውየውንም እርስዎንም እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ችግሩ የዓይንዎ አይደለም፤ ጥፋቱም ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው ለማለት አልችልም። ይሁን እንጂ መፍትሔው በአብዛኛው በእርስዎ ወገብ ላይ ያለ ስለሆነ፣ ካሜራ ለመግዛት ከመቸኮልዎ በፊት ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳዎት።

ምሰሶዎቹ የወፈሩት በከንቱ አይደለም። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው በተሳፋሪው ራስ ላይ እንዳይደፋ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። በአሜሪካ፣ ለምሳሌ፣ ጣሪያ እንዲሸከም ይጠየቅ የነበረው የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ደንብ ለቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ተደርጓል። በዚያ ላይ በግጭት ጊዜ ከጎን እንደ መጋረጃ የሚዘረጋው ኤርባግ በጣሪያው ጠርዝና በምሰሶው ሽፋን ሥር ታጥፎ ይቀመጣል። የነፋሱን ግፊት ለመቀነስና በአንድ ቻርጅ ርቆ ለመሄድ ሲባል ደግሞ የፊት መስታወቱ እንዲጋደም ስለሚደረግ፣ ምሰሶው ወደ ሾፌሩ ፊት እየተዘረጋ ይመጣል። በግልብጥ ጊዜ የሚያድንዎት ብረት በአደባባይ ላይ የሚጋርድዎት ብረት ነው።

አሁን የእርስዎን ልኬት ይዘን እናስላ። በሰው ሁለት ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት 6 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው። የዲኤክሷ ምሰሶ ከዚህ ስለማይበልጥ፣ ከግራ ዓይንዎ የተሰወረውን ቀኝ ዓይንዎ ያየዋል፤ ከቀኙ የተሰወረውን ደግሞ ግራው። ለሃያ ዓመት ምሰሶ መኖሩን እንኳ ሳያስታውሱ የነዱት በዚህ ምክንያት ነው። የ12 ሳንቲ ሜትሩ ምሰሶ ግን ሁለቱንም ዓይኖች ባንድ ጊዜ ይጋርዳል። ባሉት ርቀት፣ 10 ሜትር ላይ 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ 25 ሜትር ላይ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ፈጽሞ አይታይዎትም። ይህም ማለት 10 ሜትር ላይ የቆመ እግረኛ ከነዘንቢሉ፣ 25 ሜትር ላይ የሚያልፍ ሳይክል ከነነጂው ይጠፋል ማለት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ሳይክለኛው ወዲያው ከምሰሶው ጀርባ ወጥቶ በታየ ነበር። ክፉው ነገር ሌላ ነው። በጣና ላይ በጀልባ የተመላለሰ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከጎን የሚመጣ ሌላ ጀልባ ከአንዱ አቅጣጫ ሳይነቃነቅ እየተለቀ ብቻ ከመጣ፣ ሁለቱ ጀልባዎች ሊጋጩ ነው። መንገድ ላይም እንዲሁ ነው፤ እርስዎና ሳይክለኛው ወደ አንድ ነጥብ በየራሳችሁ ፍጥነት ሳትለውጡ የምትጓዙ ከሆነ፣ እሱ ከእርስዎ አንጻር ያለበት ማዕዘን አይለወጥም። መጀመሪያ ከምሰሶው ጀርባ ከዋለ፣ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ድረስ ከምሰሶው ጀርባ እንደ ተሸሸገ ይመጣል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ የአደባባዩ ተሽከርካሪ ሁሉ የሚመጣው ከግራ ነው፤ ወፍራም ሆኖ የሚታይዎትና ለዓይንዎ ቅርብ የሆነው ምሰሶም የግራው ነው።

ስለዚህ ወደ አደባባይም ሆነ ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲጠጉ ራስዎን ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ከወገብዎ በላይ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ቀና ማለት አለብዎት። ዓይንዎ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ሲለውጥ ከምሰሶው ጀርባ የነበረው ሁሉ ይገለጣል። ፍጥነትዎንም በአንድ ልክ አያቆዩት፤ ትንሽ ቀነስ ማድረግ ያንን የማይለወጥ ማዕዘን ይሰብረዋል። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ «ጋሼ፣ ጠጅ ቤት እንደተቀመጠ ሰው መወዛወዝ አለብን?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አዎን፣ መወዛወዝ አለባችሁ።

ስፖኪዮንም በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ስፖኪዮውን የሚያስተካክለው የራሱን መኪና ጎን ግማሹን እንዲያሳየው አድርጎ ነው፤ ያ ደግሞ የውስጡ የኋላ ማሳያ መስታወት አስቀድሞ የሚያሳየውን ዳግመኛ ማየት ነው። ጆርጅ ፕላትዘር የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ዘዴ እንዲህ ነው፦ ራስዎን ወደ ግራው በር መስታወት አስጠግተው፣ የመኪናዎ ጎን ለጥቂት እስኪታይ ድረስ የግራውን ስፖኪዮ ወደ ውጭ ይግፉት፤ ከዚያም ራስዎን ወደ መኪናው መሀል አምጥተው የቀኙን እንዲሁ ያድርጉ። ቀና ብለው ሲቀመጡ የመኪናዎ ጎን አይታይዎትም፤ ከጎንዎ ያለው መንገድ ግን ይታይዎታል።

መልስ፦ የመኪና ዕቃ ገጣሚ፣ ቀበሌ 14

የአሰልጣኙን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ምሰሶው በተናገሩት ሁሉ እስማማለሁ። በስፖኪዮው ላይ ግን ከእርሳቸው በጥቂቱ እለያለሁ። ያ ዘዴ ሰፊና መስመር ለተሰመረለት መንገድ የታሰበ ነው። በእኛ ከተማ ባጃጅ በመኪናና በአጥር መካከል በአንድ ክንድ ክፍተት ይሾልካል፤ የራሱን በር በስፖኪዮ የማያይ ሰው ያ ባጃጅ ምን ያህል እንደ ተጠጋው የሚለካበት ነገር ያጣል። እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው የመኪናው ጎን በቀጭኑ እንዲታይ ትቶ፣ በስፖኪዮው የላይኛ ጥግ ላይ ክብ የሆነችውን ትንሿን ጉብጉብ መስታወት መለጠፍ ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው። ጉብጉብ መስታወት ሰፊ ቦታ የሚያሳየው ነገሩን አሳንሶ ስለሆነ፣ እሷ ውስጥ የሚታየው ባጃጅ ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ መሆኑን ግን አይርሱ። «አለ ወይስ የለም» ለማለት እንጂ ርቀት ለመገመት አትሆንም።

ካሜራን በተመለከተ፣ ሙያዬ እሱን መግጠም ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ ለእርስዎ ችግር አይረዳም። የኋላ ካሜራ ለኋላ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከመኪናው በስተኋላ የሚጫወትን ሕፃን ያሳያል፤ በአሜሪካም ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ቀላል ተሽከርካሪ ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። ዙሪያውን የሚያሳዩት ካሜራዎች ደግሞ ለማቆሚያ የተሠሩ ናቸው። አደባባይ ላይ እስክሪን እያዩ መግባት ያንኑ ሳይክለኛ በሌላ መንገድ መጋረድ ነው። ሌንሱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ እንደሚለብስም ልብ ይሏል።

ይልቅስ በገዛ እጃችን የምንጨምረውን ግርዶሽ እንቀንስ። ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ በውስጥ መስታወታቸው ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ፣ በፊት መስታወቱ ጥግ ላይ የስልክ መያዣ፣ ከሱ አጠገብ የቅዱሳን ሥዕል፣ በጎን መስታወቶች ላይ ደግሞ ጥቁር ላስቲክ አላቸው። ሥዕሉን እንዲነቅሉ ማዘዝ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ነገር ግን ከዳሽቦርዱ በታች ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ክብሩ አይጓደልም። ጥቁሩ ላስቲክ ግን፣ ማታ መብራት በሌለበት ቅያስ ውስጥ፣ ጥቁር የለበሰን እግረኛ ጨርሶ ያጠፋዋል። መቀመጫዎንም ከፍ ያድርጉት፤ ብዙ ሰው የራስጌው ክፍተት ሰፊ እንዲሆንለት ብሎ ዝቅ አድርጎ ይቀመጥና ኮፈኑ ፊት ያለውን መሬት ያጣዋል።

የመስታወቱ ላብ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ደንበኞቼ ቻርጅ እንዳይጨርስባቸው ኤሲውን ያጠፋሉ፤ የውስጡ አየር ብቻ እንዲዞር የሚያደርገውን ቁልፍም ሳያውቁት ተጭነው ይተዉታል። በሐምሌ ዝናብ አራት ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ ሲገባ፣ ያ እርጥበት መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ይሰፍራል። የውጭ አየር ያስገቡ፣ ኤሲውን ይክፈቱ፣ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ይምሩት፤ ኤሲ አየሩን ያደርቃል እንጂ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ከሙቀት ጋር አብሮ ሊሠራም ይችላል። የመስታወቱን ውስጥ ገጽ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግም አይርሱ፤ ቅባትና አቧራ የያዘ መስታወት ቶሎ ያልበዋል፣ የማታ መብራትንም ይበትናል።

መልስ፦ ሳይክለኛዋ የፖሊ ተማሪ

ጋሼ፣ እኔ ከምሰሶው በወዲያኛው ወገን ያለሁት ነኝ። በየቀኑ በሳይክል ወደ ፖሊ ግቢ ስለምመላለስ የጻፉትን ሳነብ ሆዴ ባር ባር አለ። አደባባይ ላይ እኔ የማየው የሾፌሩን ፊት ነው። ፊቱ ከታየኝ እሱም እንደሚያየኝ እገምታለሁ፤ ፊቱ በምሰሶው ከተቆረጠ ወይም በጥቁር መስታወት ከተጋረደ፣ ቀዳሚነቱ የእኔ ቢሆን እንኳ እግሬን መሬት አወርዳለሁ። ዲኤክስና ሚኒባስ ከኋላዬ ሲመጡ ድምፃቸው ይነግረኝ ነበር፤ እንደ እርስዎ ያለችው መኪና ግን የምትሰማው ጎማዋ ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ እባክዎ፣ ወደ ቀኝ ከመታጠፍዎ በፊት ፍሬቻውን ቀደም አድርገው ያብሩ፤ በስፖኪዮው ካዩ በኋላም ራስዎን ወደ ቀኝ ትከሻዎ አዙረው አንድ ጊዜ ይመልከቱ። እኛ ብዙውን ጊዜ ያለነው እዚያ፣ በኋላው በርና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ነው።

ሌላው፣ መኪና አቁመው ሲወርዱ በሩን በግራ እጅዎ አይክፈቱት። በቀኝ እጅዎ ለመክፈት ሲሞክሩ ትከሻዎ በግድ ይዞራል፤ ዓይንዎም ወደ ኋላ ያያል። ጓደኛዬ ባለፈው መስከረም በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ድንገት በተከፈተ በር ጥርሷን ሰብራለች። ሾፌሩ ሲምል ሲገዘት የነበረው «በስፖኪዮ አይቻለሁ» ብሎ ነው።

ጠያቂው፦ የአባይ ማዶው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሰልጣኙ ያሉትን ትናንት በግቢዬ ሞከርሁት። ልጄን ሳይክሏን አስይዤ ከበሩ ውጭ 25 እርምጃ ያህል ርቃ እንድትቆም አደረግሁና፣ እስክትጠፋብኝ ድረስ ወደ ጎን አስጠጋኋት፤ በእውነትም ከነሳይክሏ ጠፋች። ጎንበስ ስል ቀይ ሹራቧ ብቅ አለ፤ ቀና ስል ተመልሶ ተዋጠ። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ በመጨረሻ ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ብላ ጮኸች።

ዛሬ ጠዋት አደባባዩ ላይ እየተወዛወዝሁ ገባሁ፤ ከጎኔ የነበረ የባጃጅ ሹፌር እያየኝ ሳቀ። መቀመጫውን በሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ክቧን መስታወት ቅዳሜ ቀበሌ 14 መጥቼ አስለጥፋለሁ፤ የስፖኪዮውን ነገር ግን አሰልጣኙና ገጣሚው እስኪስማሙ ድረስ በነበረበት ትቼዋለሁ። በቀኝ እጅ በር መክፈት ከሁሉም ይልቅ ከበደኝ፤ ዛሬ አራት ጊዜ ረስቼ ሁለት ጊዜ አስታወስሁ። የእመቤታችን ሥዕል ከመስታወቱ ወርዶ ከዳሽቦርዱ በታች፣ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ የፈቀደችው የሳይክለኛውን ነገር በመጨረሻ ከነገርኋት በኋላ ነው።