የባንድ ሶው ዕቅድ፦ እሑድ ለማኅበሩ ጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ (አባላቱ በአዲስ አበባ ሰፈራቸው ወይም በሙያቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ
ረቂቁ እስከ ቅዳሜ ማለቅ አለበት። ማሽኑን ታውቁታላችሁ፤ ያ 4 በ6 ኢንች የሚባለው ርካሹ የቻይና ባንድ ሶ ነው፤ ተኝቶም፣ ጠረጴዛ ተገጥሞለት ቆሞም ብረት የሚቆርጥ፣ ምላጩ እንደ ቺንጋ የሚዞር መጋዝ። ከካዝና የምንጠይቀው ለማሽኑና ለማሻሻያው ነው። የጻፍኩት ሰፊ ጠረጴዛ፣ አዲስ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ጠንካራ እግር ከነጎማው፣ እና ምላጭ ነው። የመኪና ባሌስትራ በግራይንደር እየቆረጥን ዲስክ ስንጨርስና ከጎረቤት ስንጣላ ኖረናል። ቤቱ ቢላ የሚሠራ ሁሉ መጥቶ ቅርጹን ያውጣና ይሂድ ነው ሐሳቡ። የጎደለ ካለ ጻፉ።

የኮልፌው
ጠረጴዛው 8 ሚሊ ፕሌት ይሁን። አብሮት የሚመጣው ቁራጭ ላሜራ ነው፤ ጫን ሲሉት ይወዛወዛል። ምላጩ የሚገባበት ስንጥቅ እስከ ጠርዙ ይከፈት፤ አለዚያ ምላጭ በተቀየረ ቁጥር ጠረጴዛ መፍታት ነው። ከሥሩ በአንጎላሬ ይያዝ። ጠረጴዛው ካጋደለ ብረቱ ምላጩን ይነክሰዋል፤ ያኔ ወይ ጥርሱ ይረግፋል ወይ ምላጩ ይበጠሳል።

የቶርኖው
ፕሌቱን ለኔ ተዉት። ስንጥቁንም በፍሬዛ አወጣዋለሁ። ልኬቱን ዛሬ ማታ እልካለሁ።

የጉለሌው
ባለፈው የሞተሩን ፍጥነት ለመቀየር ኢንቨርተር ይገጠም የተባለው ይሰረዝ። ሞተሩ ሲንግል ፌዝ ነው። ለኢንቨርተር ብለን ሞተሩንም በሦስት ፌዝ ልንቀይር ነው? ፑሊው ሦስት ደረጃ አለው፤ ቺንጋውን እያዛወርክ በደቂቃ 20፣ 30 ወይም 50 ሜትር ታገኛለህ። ለባሌስትራ 20ው ይበቃል።

ግን ብረቱ መጀመሪያ ይለስልስ። ከምናለሽ ተራ የገዛውን ባሌስትራ እንዳለ መጋዝ ውስጥ የሚከት ሰው የምላጩን ዋጋ ከኪሱ ይክፈል፤ ይህ በረቂቁ ይጻፍልኝ። ማግኔት መያዝ እስኪተው ድረስ አግሉት፣ አመድ ውስጥ ቅበሩት፣ እስኪነጋ አትንኩት። በነጋታው ሞረድ ከያዘው መጋዙም ይይዘዋል። ሞረዱ ከተንሸራተተ ገና ነው፤ ወደ እሳት ይመለስ።

የሣሪሱ
እግሩ ጎማ ምን ያደርግለታል?

ጸሐፊ
ሼዱ ጠባብ ስለሆነ ሥራ ሲያልቅ ወደ ጥግ ለመግፋት።

የሣሪሱ
ወደ ጥግ ነው ወደ ሰው ቤት? የብየዳ ማሽኑም መጀመሪያ ወደ ጥግ ነበር የተገፋው።

የመካኒሳው
እኔን ከሆነ በስሜ ጥራኝ። ብየዳውን የወሰድኩት በኮሚቴው ፈቃድ ነው። የመለስኩትም በፊርማ ነው።

የሣሪሱ
ያለ ኬብሉ። ፊርማውን አይቼዋለሁ፤ ኬብል የሚል የለበትም።

የመካኒሳው
ኬብሉ ተቃጥሎ ነው! ሲቃጠል እዚያው የነበሩ ሰዎች እዚህ አሉ፤ ለምን ዝም ይላሉ?

የጉለሌው
ጎማው ፍሬን ያለው ይሁንና ይለቅ። ይህን ያህል አያነጋግርም።

የሣሪሱ
አንተ ስላልከፈልክ ነው። ለብየዳው ያዋጣነው እኛ ነን። ጎማ ያለው ዕቃ ይሄዳል። ጎማ ካለው እኔ እጄን አላወጣም፤ የሣሪስ ልጆችም አያወጡም።

የኮልፌው
ማሽኑ 60 ኪሎ ገደማ ነው። ሊወስደው ያሰበ ሁለት ሰው ይዞ ታክሲ ላይ ይጭነዋል፤ ጎማ አይጠብቅም። እኔን የሚያሳስበኝ መንቀጥቀጡ ነው። ያ የቆርቆሮ እግር እንኳን ጎማ ተጨምሮበት እንዲሁም ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጎማ በአንድ ወገን፣ በሌላው ወገን ድፍን እግር ይሁን። ሲያስፈልግ አንሥቶ መግፋት ነው።

የሣሪሱ
ጋሼ፣ ሁለትም ጎማ ጎማ ነው።

የመካኒሳው
እንግዲያው እኔም የምለው አለኝ። ማሽኑ ሣሪስ እንዲቀመጥ ነው ይህ ሁሉ። ተናገሩት።

እትዬ (ገንዘብ ያዥ)
ሁለታችሁም ረጋ በሉ። የኬብሉ ጉዳይ በመዝገቤ አለ። ጉባኤ ላይ ይነሣ፤ እዚህ አይደለም።

የጉለሌው
ስለ ማብሪያው ከጸሐፊ በቀር ማንም አልጻፈም። ከጎማው ይልቅ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ማሽኑ ተራ ማብሪያ ነው ያለው፤ መብራት ሲሄድ በርቶ ይቀራል። ሰውየው መብራት ሄደ ብሎ ብረቱን ሊያስተካክል እጁን ምላጩ ሥር ያስገባል። መብራት ሲመጣ መጋዙ ራሱ ይነሣል። በኛ ሰፈር መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ኮንታክተር ይገጠም። ስታርት ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። ዋጋው ከጎማው ይበልጣል፤ ለጣት ግን መለዋወጫ የለም። ጓንት አድርጎ መቁረጥም ይከልከል፤ ምላጩ ጨርቁን ከያዘ እጅን ይዞ ነው የሚሄደው።

ጸሐፊ
ኮንታክተሩ ይግባ። ጎማው ላይ እንወስን።

የሣሪሱ
ኮንክሪት ላይ ይተከል። በአራት ቡሎን ይታሰር፤ አለቀ።

የጀሞው
በርና መስኮት የምንሠራው አባላት እስካሁን ዝም ያልነው የቢላ ጉዳይ ነው ብለን ነው። ኮንክሪት ላይ ከተተከለ ግን እኛም እንገባበታለን። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) በልኩ ሲቆረጥልን ይጠቅመናል። ተኝቶ ሲቆርጥ ማለቴ ነው። ለኛ ጠረጴዛው አያስፈልግም።

እትዬ (ገንዘብ ያዥ)
እውነቱን ልንገራችሁ። ካዝናው ማሽኑን ይገዛል፤ ፕሌቱን፣ ኮንታክተሩንና ምላጩን አይችልም። የጀሞዎቹ ካዋጡ ይሞላል።

የኮልፌው
የቶርኖው፣ ልኬቱን ላክ። ፕሌቱ ስንት እንደሚፈጅ ሳናውቅ ጠረጴዛ ይቅር አይባልም።

የጀሞው
አንድ ነገር። ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው። ማኅበሩ ሼድ ውስጥ አይዞርም። ኮንክሪቱ የኛ ወርክሾፕ ቢሆን ነው የሚያዋጣው። ዘበኛም አለን።

የሣሪሱ
ዘበኛ ካለ እኔ እስማማለሁ። በሰንሰለትም ይታሰር።

የጉለሌው
ቤቱ የሚሠራ ሰው ከሰሜን ሆቴል ወዲህ አንድ ቁራጭ ባሌስትራ ይዞ ጀሞ ድረስ ሊሄድ ነው? ይህ ዕቅድ ለማን ነበር?

የመካኒሳው
ለኔ ጀሞ ቅርብ ነው። ይሁን። ኬብሉን ደግሞ አዲስ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ስሜ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ እንዳይነሣ።

የሣሪሱ
ካመጣኸው እኔም አላነሣውም።

ጸሐፊ
እስካሁን ያለው ይህ ነው። አንድ ባንድ ሶ ይገዛል። ጀሞ ኮንክሪት ላይ በአራት ቡሎን ይተከላል፤ ጎማ የለውም። ኮንታክተር ይገጠማል። መጀመሪያ ተኝቶ የሚቆርጠው ሥራ ይጀመራል፤ ጠረጴዛው በሁለተኛው ዙር ገንዘብ ሲገኝ ይታያል። ያልለሰለሰ ባሌስትራ የሚያስገባ ምላጩን ይተካል። ምላጭ፦ ርዝመቱ 1638፣ ስፋቱ 13 ሚሊ፣ ባይሜታል (ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ)፣ በኢንች 14 ጥርስ፣ አምስት ፍሬ።

የኮልፌው
ጠረጴዛ የሌለው ባንድ ሶ ለቢላ ሠሪ ውድ ሴጌቶ (የእጅ መጋዝ) ነው። የሥጋ ቤት ቢላ ርዝመት ያለው ነገር ነው፤ ሆዱን ተከትለህ የምትሄደው በቆመ ምላጭ ነው። 13 ሚሊ ምላጭ ጠባብ ቅስት እንደማይዞር አውቃለሁ፤ ቀጥ ቀጥ አድርገህ ቀንሰህለት ቀሪውን በሞረድ ትጨርሳለህ። ተኝቶ ግን ያንንም አታደርግም። ፋሲካ ሲደርስ ሥጋ ቤቶቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚመጡት፤ ያን ጊዜ በግራይንደር መቆም ለኔ ዕድሜ ከባድ ነው። የቶርኖው የት ሄደ?

እትዬ (ገንዘብ ያዥ)
ደወልኩ፤ አያነሣም።

የጀሞው
ጋሼ፣ ፕሌቱን ያመጣ ሰው ካለ እኛ ጋ በያጆቹ ይገጥሙታል። የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። ስንጥቁ ግን በግራይንደር ነው የሚወጣው፤ ፍሬዛ የለንም።

የኮልፌው
በግራይንደርም ይውጣ። ፕሌቱን እኔ እፈልጋለሁ።

የጉለሌው
ጸሐፊ፣ ምላጩን ደግመህ እየው። 14 ጥርስ ለቱቦላሬ ነው እንዴ የታሰበው? ለሱም አይሆንም፤ ግድግዳው ቀጭን ነው። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ባንድ ጊዜ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። 14 ጥርስ ማለት ከጥርስ ጥርስ 1.8 ሚሊ ነው፤ 3 ሚሊ ብረት ላይ ሁለት እንኳ አይሞላም። 5 ሚሊ ባሌስትራ 18 ይፈልጋል፤ ለ3 ሚሊ ቢያንስ 24። አምስቱንም 14 ካዘዛችሁ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊ
ሁለት 14፣ ሁለት 18፣ አንድ 24 አድርጌዋለሁ። ለፊርማ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሼዱ።

የጀሞው
ለኛ የሚሻለን 24ቱ ነው። ሁለት ይሁን።

የጉለሌው
ከ14ቱ አንዱን ቀንስ እንጂ 18ቱን እንዳትነካ።