ከጠዋት ጀምሮ የማስታወቂያ መዓት! መክሰስ ይቻላል?

የሸዋሮቢቷ፦ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ስልኬ «ይሸለሙ»፣ «ዛሬ ብቻ»፣ «አሁኑኑ ይላኩ» እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሽንኩርት ላስጭን ነው፤ የደላላው መልእክት በመሃል ጠፋኝ። ካርድ ስሞላም ወዲያው ይቆረጣል። ልከሳቸው እችላለሁ?

የመንዝ ልጅ፦ እኔም መኪና «ደርሶኛል»። ጣርማበር ላይ ጉም ይዟት ነው መሰለኝ እስካሁን አልመጣችም።

ደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ በመጣበት አጭር ቁጥር «ስቶፕ» ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ላክ። አለቀ።

የሸዋሮቢቷ፦ እህትህ ነኝ። ለአንዱ ሠርቷል። ሌላው ግን የሚመጣው በስም ነው፤ መመለስ አይቻልም።

የሕግ ሰው፦ ሕጉን ከመሠረቱ እንየው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ አንቀጽ 15። ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ብሎ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ በኢሜይልና በመሰል አድራሻ መልእክት ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ አለበት። ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር ይደርሳል። ላኪው ትክክለኛ ማንነቱንና አድራሻውን ገልጾ ቀላል የማቆሚያ መንገድ ከሰጠ ግን አይቀጣም። የስልክ አጭር መልእክት በዚህ ይገባል ወይ የሚለው ያከራክራል። በተጨማሪም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ...

አንኮበር፦ ጋሼ፣ ሴትየዋ ሽንኩርት እየጫነች ነው! ደግሞ መነሻው ልክ አይደለም። ማስታወቂያ ስለደረሰሽ ብቻ ብር አይቆረጥም። የሚቆርጠው በክፍያ የተመዘገብሽበት አገልግሎት ነው። ስልክሽን የሚነካ ልጅ አለ?

የሸዋሮቢቷ፦ ልጅማ አለ። እኔ ግን አልተመዘገብኩም!

ደብረ ብርሃን፦ ስቶፕ ብለሽ ላኪ አልኩ እኮ።

ሞላሌ፦ ሁሉንም ደምስሺና ተገላገይ።

አጣዬ፦ ኧረ እንዳትደምስሺ! ማስረጃሽ እኮ እሱ ነው። ቀኑና ላኪው እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሹት አንሺ። መስመርሽ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ የሳፋሪኮም ከሆነ 700 ደውዪ። «የተመዘገብኩበትን ሁሉ ንገሩኝና ሰርዙልኝ» በያቸው። አቤቱታሽን ማስመዝገብሽን አረጋግጪ። ካልፈቱልሽ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ክስ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። በስም የሚመጣውን እዚያው ስልክሽ ላይ ብሎክ አድርጊው። ደላላውን አብረሽ እንዳታግጂው ብቻ።

የመንዝ ልጅ፦ ታግደው እንጂ! እኛም ሽንኩርት በርካሽ በበላን።

ሞላሌ፦ ጣልቃ ልግባና፣ እኔን መልእክት ሳይሆን በሌሊት እየደወለ የሚያስቸግረኝ አለ። እሱም አንቀጽ 15 ነው?