በረዶና ነፋስ ለመታው ቀበሌ ብር አሰባስበናል፤ ከምን እንጀምር?

የወይናደጋው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ 2 ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ወርዶ በአንድ ወይናደጋ ቀበሌ የ40 ያህል አባወራ ጣሪያ ገንጥሏል፤ ጤፉንና ስንዴውን መሬት ላይ አንጥፎታል። መሬቱ አብዛኛው ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው። ወረዳው ጉዳቱን መዝግቦ ሄዷል። ውጭ አገር ያሉት ተወላጆች ብር ሰብስበዋል፤ ግን ግማሹ «ልብስና ብርድ ልብስ በኮንቴይነር እንላክ»፣ ግማሹ «ቆርቆሮ እንግዛ» ይላል። የቱ ይቅደም? በምን መጠን?

ኩንታል

ልብሱን ተዉት። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ደርሶ ከጉምሩክ እስኪወጣ ክረምቱ አልፏል፤ ሳልባጅ እንደሆነ የወረዳ ከተማ ገበያ ሞልቶታል። ቆርቆሮ ጥቅምትም ላይ ይገዛል። ዘር ግን ጥቅምት ላይ ቢደርስ ምን ይሠራል? የመጀመሪያው ብር ለዘር ይውጣ።

መጀመሪያ ማሳው ይታይ። ገና ያላሸተ ጤፍ ከሥሩ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይጠበቅ በሬ አይግባበት። አገዳው ከፍ ብሎ የተሰበረ ስንዴ ግን አይድንም፤ ሳይበሰብስ አጭዶ ለከብት ማድረቅ ነው። ጤፍ ደግሞ መዝራት የሚያምረው ገበሬ አይጠፋም። እንደ «ፀደይ» ያለው ፈጣን ዝርያ እንኳ ከ80 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢዘራ ኅዳር መጀመሪያ ነው የሚደርሰው። ዝናቡ ቀድሞት ይወጣል፤ ከፍ ባለው መሬት ውርጭም አለ።

ዋልካ መሬት ካላችሁ መውጫው ሽምብራ ነው፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይበቅላል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘራል። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ደቃቁ ሽምብራ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ቁጠሩ። ውሃው ሳይጠነፍፍ የተዘራ ሽምብራ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ቤት ይግባ እንጂ የሚዘራበትን ቀን ገበሬው ይወስን፣ መሬቱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ከገበያ የሚገዛ ዘር ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ከየጆንያው እየዘገናችሁ ቀላቅሉና 100 ፍሬ ቁጠሩ፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልላችሁ በሳምንቱ ፍቱት። 80 ካልበቀለ ሌላ ነጋዴ ፈልጉ። ነቀዝ የበሳው ፍሬ በዛ ያለበትን ጆንያ እዚያው መልሱት።

ደግሞ የተራበ ቤት ዘሩን ቆልቶ ይበላዋል፤ አይፈረድበትም። ዘሩ ከእህል ጋር ይታደል። በአገራችን በእርዳታ የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ ክክ እና ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ስንዴው ብቻ 75 ኪሎ ይሆናል። ሽምብራው የሚደርሰው ጥር አካባቢ ስለሆነ የአንድ ወር ራሽን ሰጥቶ ዞር ማለት አያዋጣም።

ሞራሌ

ዘር ይቅደም ባለው እስማማለሁ፤ ጥቅምት ድረስ ሰው ዝናብ ላይ ይደር ከሆነ ግን አልስማማም። በዚህ ሳምንት ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ባለ 4 በ6 ሜትር ሸራና ገመድ ስጡ። ሸራውን በሚስማር አትብሱት፣ ነፋሱ ከቀዳዳው ይጀምርና ይተረትረዋል። የእንቁላል ያህል ጠጠር ሸራው ውስጥ አስገብታችሁ ጠቅልሉና አንገቱን በገመድ እሰሩ። ያ ቋጠሮ ይይዛል።

ቆርቆሮው ሲገዛ «ባለ 30 ቆርቆሮ ቤት ነው» ተብሎ 30 ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ሚስማርና ሽቦ ይረሳል። ከዚያ ባለቤቱ የድሮውን ሚስማር አቃንቶ ይመታና በሚቀጥለው ክረምት ጣሪያው ተመልሶ ይሄዳል። በአንድ ቆርቆሮ 12 የቆርቆሮ ሚስማር አስቡ፤ ለ30ው 360 ነው። ሚስማሩ ጉብታው ላይ ይመታል፣ ጎድጓዳው ላይ ከሆነ ውሃ ያስገባል። ነፋስ ጣሪያ የሚያነሳው ከጠርዙ ስለሆነ የዳርቻው ማገር ላይ ሚስማሩ ይጠጋጋ፤ ከግድግዳ ውጭ የሚወጣው ክፈፍ ደግሞ ከ40 ሳንቲ አይብለጥ።

ዋናው ግን ማሰሪያው ነው። ወራጁ ቋሚው ላይ በአንድ ሚስማር ብቻ ከተያዘ ቆርቆሮው ቢጠነክር ጣሪያው ከነማገሩ ተነቅሎ ይበራል። እያንዳንዱን ወራጅ ከቋሚው ጋር በነጩ ሽቦ ደርባችሁ አስሩ፤ ጥቁሩ የፌሮ ሽቦ ቶሎ ይዝጋል። ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍም አትግዙ፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩን ይለቃል። ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፣ ስስም ነው፤ ጌጁ ሲያንስ ቆርቆሮው ስለሚወፍር ባለ 32 ይሻላል። የተጣመመው የድሮ ቆርቆሮ ለማድ ቤት ይሁን።

መዝገብ ያዥ

ስለ ስም ዝርዝሩ። የወረዳውን ምዝገባ ውሰዱና ከእድሩ መዝገብ ጋር አስተያዩት። እድሩ ቤተሰቡን ከቀበሌው በተሻለ ያውቃል፤ መዋጮ መክፈል ያቃተው ደሃ ግን እዚያ መዝገብ ላይ የለም፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በላይ የተጎዳው እሱ ነው። ተጠግተው የሚኖሩ፣ ባሏ የሞተባት፣ የእኩል የሚያርስ፣ እነዚህን ቤት ለቤት ፈልጉ። ከዚያ ዝርዝሩ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ተቃውሞ ያለው ሦስት ቀን ይሰጠው።

ለቆርቆሮ ጥሬ ብር የምትሰጡ ከሆነ ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ ግማሹ ቋሚና ወራጁ ሲቆም፣ ግማሹ ከዚያ በኋላ። 40 ቤት ባንድ ሳምንት አንድ ከተማ ከወረደ ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፤ ከሁለት ከተማ ዋጋ ጠይቁ፣ ክፍያውም ዕቃው ቀበሌ ሲደርስ ይሁን። በቴሌብር ስትልኩ ስልኩ በማን ስም እንደሆነ አጣሩ።

የወይናደጋው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ የጓያ ዘር ከሽምብራ ይረክሳል፣ በብዛትም አለ። ግማሹን ጓያ ብናደርገውስ?

ኩንታል

ጓያ ውሃ የተኛበትንም ድርቁንም ይችላል፣ ለዚያ ነው ገበሬው የሚወደው። ነገር ግን ሌላ እህል በሌለበት ቤት ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ እግር ይሰብራል (ሽባ ያደርጋል)፣ የተሰበረውም አይመለስም። እናንተ የምትረዱት ደግሞ ሌላ እህል የሌለውን ቤት ነው። በሽምብራው ግፉበት። ነሐሴ 25 ሳያልፍ ዘሩ ተገዝቶ፣ በቅሎ ታይቶ ይለቅ።