ክርክር፦ ኦሎምፒክ ላይ ሜዳሊያ የማያመጣ ስፖርተኛ በመንግስት ገንዘብ ይደገፍ? የፊንላንዱ ካሌ ኮልዮነን ጉዳይ

አቤል (ሄልሲንኪ)፦ ፊንላንድ ከፓሪስ 2024 ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው፣ ከ1908 ጀምሮ በበጋ ኦሎምፒክ እንዲህ ሆና አታውቅም። ከሄዱት አንዱ የባድሜንተኑ (የላባ ኳስ በራኬት የሚመታበት ስፖርት) ኮልዮነን ነው፣ ቶኪዮም ፓሪስም ተሰልፏል፣ ሜዳሊያ ግን የለም። የስፖርተኛ ድጎማ ከኛ ከግብር ከፋዮቹ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ሜዳሊያ ውስጥ ሊገባ ለሚችል ሰው ይሰጥ ባይ ነኝ።

ሰናይት፦ በፍጹም አልስማማም። 2021 ኪየቭ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና በወንዶች ነጠላ ነሐስ ያመጣ ሰው እኮ ነው!!

ዮናስ፦ ነሐሱንም አናጋነው። እዛ ውድድር ላይ የደረጃ ጨዋታ የለም፣ ሴሚ ፋይናል የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ይወስዳሉ።

ሰናይት፦ እና ሴሚ ፋይናል በነጻ ነው የሚገባው? ፋይናል የደረሱት ሁለቱም ዴንማርኮች ናቸው፣ አክሰልሰንና አንቶንሰን። አክሰልሰን ኮቪድ ተገኝቶበት ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ እንጂ በዛው አመት ቶኪዮ ላይ ወርቅ የወሰደው እሱ ነው፣ ፓሪስ ላይም ደገመው። ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው የተጫወተው።

ሚኪ (ቫንታ)፦ እኔ የማየው ወጪውን ነው። ኦሎምፒክ የሚያስገባው የአለም ራንኪንግ የሚሰራው ባለፉት 52 ሳምንታት ካገኘሃቸው ውጤቶች ምርጥ 10ሩ ተደምሮ ነው፣ ለፓሪስ ደግሞ ከግንቦት 2023 እስከ ኤፕሪል 2024 መጨረሻ ነበር የሚቆጠረው፣ እና አንድ አመት ሙሉ ከአገር አገር መዞር ነው፣ ትኬት አለ ሆቴል አለ አሰልጣኝ ይዘህ ከሄድክ እሱም አለ፣ መጀመሪያ ዙር ወድቀህ በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ትበራለህ። ኳሷ ራሷ 16 የወፍ ላባ ናት፣ ጠንካራ ምት ሲደጋገምባት ላባው ይሰነጠቃል፣ አቅጣጫ መሳት ትጀምራለች፣ ትጥላታለህ። ልምምድ ላይ ካርቶኑ ሲያልቅ አይታወቅም። እዚህ ቫንታ የሚካሄደው አርክቲክ ኦፕን 2023 ላይ ሱፐር 500 ወደሚባለው የውድድር ደረጃ ሲያድግ ጠቅላላ ሽልማቱ 420 ሺህ ዶላር ነበር፣ የነጠላ አሸናፊ 31,500 ይወስድ ነበር፣ ቶሎ የወጣ ሰው የሚያገኘው ግን ትኬቱን እንኳን አይሸፍንም። ድጎማ ከሌለ የሀብታም ልጅ ብቻ ይጫወት ማለት ነው።

አቤል፦ አየህ፣ እኔን ነው የደገፍከው፣ ወጪው ይሄን ያህል ከሆነ ለምን እንከፍላለን? ደሞ ኦሎምፒክ የሚገባው በኮታ ነው፣ አንድ አገር በነጠላ ሁለት ሰው የምታሰልፈው ሁለቱም በራንኪንጉ እስከ 16ኛ ከሆኑ ነው፣ አለበለዚያ አንድ። ከሱ የሚበልጡ ቻይናዎችና ኢንዶኔዥያዎች ቤታቸው ቁጭ ብለዋል።

ሰናይት፦ ኮታው የተቀመጠው እኮ ሁሉ ነገር የአምስት አገር እንዳይሆን ነው። ደሞ ከስራ በኋላ ሄልሲንኪ ያለው የባድሜንተን አዳራሽ ታሊሃሊ ሂድና እይ፣ ሜዳ ተከራይቶ የሚጫወተው ሰው ስንት ነው፣ ልጆቹ የሚያዩት ፊንላንዳዊ ማን ሊሆን ነው?

ዮናስ፦ እሺ ይደገፍ፣ ግን ገደብ ይኑረው። ሁለት ኦሎምፒክ ከሄደ በኋላ ገንዘቡ ለ18 አመቱ ልጅ ይዙር።

ሚኪ፦ እሱ አያስኬድም፣ ኮልዮነን ኪየቭ ላይ ሜዳሊያ ሲያገኝ 27 አመቱ ነበር። በ18 የሚሰጠውን ስጡ፣ ግን 25 ላይ ገና እየወጣ ያለውን ሰው ከቆረጣችሁት ያንን ነሐስ አታገኙትም ነበር።