ቴነር ሁለት ብቻ ነው ያለን፤ ለገናና ለፋሲካ ምን እንዘምር?

የሰኞ ልምምድ (ጠያቂዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን ኳየር መምራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ወሬ ነው። 24 ሰው ነን። ሶፕራኖ (ከፍ ያለው የሴት ድምፅ) 11፣ አልቶ (ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ) 7፣ ባስ (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) 4፣ ቴነር (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) ደግሞ 2። አዎ፣ ሁለት ብቻ።

ባለፈው ገና የሃንደልን «ሃሌ ሉያ» ካልዘመርን ተባለ። ሁሉም የሚያውቀው መዝሙር ስለሆነ እኔም እሺ አልኩ። ሦስት ወር ለመድን። በዕለቱ ሁለቱ ቴነሮቼ ለመሰማት ብለው ሲጮኹ ሲጮኹ ገና መሃል ላይ ድምፃቸው ተዘጋ። አንደኛው ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ማውራት እንኳ ይቸግረው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚችለውን ሁሉ ነው የሰጠው፣ እኔ ግን የማይችለውን ነበር የጠየቅኩት።

ዘንድሮ ከአሁኑ ማሰብ ፈለግኩ። በአራት ድምፅ ሆኖ እንዲህ ላለ ኳየር የሚሆን የገናና የሕማማት ዝማሬ ታውቃላችሁ? ደግሞስ ከአልቶዎቹ ሦስቱን ወደ ቴነር ባወርዳቸው ምን ይመስላችኋል? የላቲኑን ቃል ወደ አማርኛ መልሰን ብንዘምረውስ?

ከኋላ ረድፍ ባስ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ያ ልጅ አሁን ደህና ነው? ድምፁ አሁንም ከሻከረ የጉሮሮ ሐኪም ይየው። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ እኔ አንድ ኖታ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማነበው የቴነሩን መስመር ነው። ዜማውን አይደለም። ኳየሩ ውስጥ በቁጥር ያነሰው ድምፅ የሚችለው ከሆነ ሌላው ይችለዋል። የሚያስጮኸው ከሆነ ግን መዝሙሩ የቱንም ያህል ቢያምር ለእናንተ አልተጻፈም።

ስለ «ሃሌ ሉያ» ደግሞ ላስታውስሽ። ሃንደል «መሲሕ»ን በ24 ቀን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1741 በጋ ላይ ነው። መጀመሪያ የተሰማው ደብሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1742 ነው። ሥራው ሦስት ክፍል አለው። የልደቱ ነገር ያለው አንደኛው ክፍል ውስጥ ነው። «ሃሌ ሉያ» የሚመጣው ግን ሁለተኛው ክፍል ሲዘጋ ነው፣ ከሕማሙ፣ ከሞቱና ከትንሣኤው በኋላ ማለት ነው። በገና መዘመሩ ኃጢአት አይደለም። ግን እውነተኛ ቦታው ፋሲካ ነው፣ እዚያ ስትሰሚው ትርጉሙ ሌላ ነው። ስድስት ሰባት ቴነር ስታገኙ ትመለሱበታላችሁ።

ለገና የጀርመናዊውን አቀናባሪ የፕሪቶሪዩስን «ኤስ ኢስት አይን ሮስ» (ጽጌረዳ በቀለች) ሞክሩ። ዜማው ከእሱም የቆየ ነው፣ ባለ አራት ድምፁን ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1609 ነው። ቃሉ ከኢሳይያስ 11 የእሴይን ግንድ ይዞ ይነሳል። አራቱም ድምፅ አንድ ላይ ይገባል፣ አንድ ላይ ይተነፍሳል፣ አንድ ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ቴነር ይበቃሉ፣ ምክንያቱም ማንም ብቻውን አይሮጥም። ሁለተኛው ምርጫዬ የባኽ የገና ኦራቶሪዮ ነው፣ ኦራቶሪዮ ማለት በኳየር፣ በነጠላ ዘማሪዎችና በመሣሪያ የሚቀርብ ረጅም የመንፈሳዊ ታሪክ ዝማሬ ነው። አትደንግጪ፣ ሙሉውን አላልኩም። ስድስት ክፍል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1734 እስከ 1735 ባለው የልደት ሰሞን ለስድስት የበዓል ቀናት የተጻፈ። ውስጡ ያሉት ኮራሎች፣ ማለትም በአራት ድምፅ የተዘጋጁ የጉባኤ መዝሙሮች፣ አጫጭር ናቸው። ሁለቱን አውጥተሽ ብትይዢ ለአንድ በዓል ይበቃሻል።

ለሕማማት የሞዛርት «አቬ ቬሩም ኮርፑስ» (በላቲን «እውነተኛ ሥጋ ሆይ፣ ሰላም ለአንተ»)። 46 ባር (በኖታው ላይ በቁም መስመር የሚለይ ክፍል) ብቻ ነው! የጻፈው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1791፣ ሊሞት ስድስት ወር የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው፣ ለአንድ ወዳጁ የኳየር መሪ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለቅዱስ ቁርባን በዓል ነበር። ቃሉ ግን ስለ መስቀሉና ከጎኑ ስለፈሰሰው ውሃና ደም ስለሆነ ስቅለት ላይ በደንብ ይሄዳል። ከላይ የጻፈው ትእዛዝ «ሶቶ ቮቼ» ነው፣ በለሆሳስ ማለት። ያ ቃል ቴነሮችሽን ያድናቸዋል። መጨረሻው አካባቢ፣ «ኤስቶ ኖቢስ» (ሁንልን) የሚለው ጋ፣ ሴቶቹ ቀድመው ይገባሉ፣ ወንዶቹ ባስና ቴነር ሆነው ከኋላ ይከተላሉ። እዚያ ስትደርሺ ሶፕራኖዎቹን በእጅሽ ዝቅ አድርጊና ወንዶቹ ሲገቡ አድምጪ። እኔ ከ30 ዓመት በኋላም እዚያ ቦታ ላይ ጉሮሮዬ ይያዛል።

አንድ ለጊዜው ተይው የምልሽ የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የፓለስትሪናን «ሲኩት ቸርቩስ» ነው። «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለው መዝሙር 42 ነው፣ በካቶሊክ ሥርዓት በቅዳሜ ሹር የጥምቀት ውሃ ሲባረክ የሚዘመር። የሚከፍተው ቴነር ነው፣ ብቻውን። ሌሎቹ ተራ በተራ እየገቡ ይጠላለፉበታል። በጣም ነው የምወደው። ግን ከሁለቱ አንዱ ጉንፋን ከያዘው አለቀ።

አልቶ በፈቃዷ፦

እህቴ፣ የአልቶውን ነገር እኔ ልመልስ፣ ደርሶብኛልና። በአንድ ኳየር ውስጥ ሁለት ዓመት ቴነር ዘምሬያለሁ። ታች ያለው ድምፄ ወፍራም ነው ተብዬ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በኋላ ግን ላይኛው ድምፄ እየጠፋ መጣ። ሁልጊዜ ከደረት እየገፋሁ ስለዘመርኩ ወደ አልቶ ስመለስ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ነበረው። ለማስተካከል አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ የምታወርጃቸው ከሆነ በፈረቃ ይሁን። አንድ መዝሙር ቴነር፣ ቀጣዩን አልቶ። ደከመኝ ያለችውን ደግሞ አትለምኛት።

ሌላው ኖታው ነው። የቴነር መስመር ብዙ ጊዜ ሶፕራኖዎች በሚያነቡበት በትሬብል ቁልፍ (በኖታው መስመር መጀመሪያ ላይ ባለው ምልክት) ይጻፍና ከቁልፉ ሥር ትንሽ 8 ትደረግበታለች። ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ዝቅ ብለህ ዘምር ማለት ነው። እኛ ጋ ያቺን 8 ማንም አላያትም። አልቶዎቹ እንደተጻፈው ዘመሩት፣ ከሶፕራኖ በላይ ወጣ። ሀርመኒው ተገለባብጦ የማን መዝሙር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም ነበር። አራት ሳምንት እንዲያ ለመድን!

ሦስተኛ መንገድም አለ። ባለ ሦስት ድምፅ አሬንጅመንት (ለሌላ የድምፅ አደላደል እንደገና የተዘጋጀ ኖታ) ፈልጊ፣ ሶፕራኖ፣ አልቶና ወንዶች። ስድስቱ ወንዶችሽ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ጥሩ ጉልበት ነው። መስመሩ ለባሶቹ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለቴነሮቹ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ማንም ግን አይጎዳም። እና እባክሽ ቴነሮቹን ከኋላ ጥግ አታቁሚያቸው። ፊት ለፊት መሃል ላይ አድርጊያቸው። 11 ሶፕራኖ ቢያንሾካሹክ እንኳ ሁለት ቴነር ይውጣል።

ቃል ጠባቂ፦

ስለ ትርጉሙ እኔ ልግባ። መዝሙር ስተረጉም ዓመታት አልፈዋል፣ ልቤም እዚህ ነው ያለው። ሕዝቡ የሚሰማውን ካልገባው የአራት ድምፅ ውበት ግማሹ ይባክናል። ስለዚህ ተርጉሙ። ግን በጥንቃቄ።

የ«አቬ ቬሩም» ግጥም 8 ቀለም፣ ቀጥሎ 7 ቀለም እያለ ነው የሚሄደው። አማርኛው ላይ ደግሞ ፊደል ቆጥራችሁ ቀለም ቆጠርን እንዳትሉ። «ክርስቶስ» በፊደል አምስት ነው። ሲዘመር ግን ሦስት፣ ቶሎ ከተባለ ደግሞ ሁለት ቀለም ነው። ሳድሶቹ ይዋጣሉ። ሳድስን በረጅም ኖታ ላይ ስታስቀምጡ ዘማሪው «እእእ» እያለ ይቀራል። ረጅሙ ኖታ ላይ «አ» ወይም «ኦ» ያለው ቀለም ይውደቅ።

ከሁሉም በላይ የሚያጠፋን ግን መጥበቅና መላላት ነው። «ክርስቶስ አለ» የሚል ስንኝ ለፋሲካ አዘጋጀሁ። «አ» ላይ አራት ምት ተሰጠ። ኳየሩ «አአአአ» ብሎ ስቦ ስቦ «ለ»ን አላልቶ ጣላት። የተሰማው «ክርስቶስ ተናገረ» ነው፣ ሰው ደግሞ ምን አለ ብሎ ይጠብቃል! እኔ ያልኩት ሕያው ነው፣ ይኖራል ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። «አ»ን ሦስት ምት ተኩል ሳቡትና ምላሳችሁ ላይኛው ድድ ላይ ቀድሞ ይረፍ፣ «ል»ን እዚያ ያዙት፣ ከዚያ «ለ» ብላችሁ ልቀቁ። ሁሉም እኩል እንዲይዝ መሪዋ በእጇ ታሳይ። እኛ ይህን ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ለምደነዋል፣ ቁጭ ብለን «አል-ለ፣ አል-ለ» እያልን።

የሰኞ ልምምድ፦

በእውነት አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ልጁ ደህና ነው፣ ድምፁም ተመልሷል። ዛሬ ስደውልለት ስለጠየቁት ደስ ብሎታል።

ባለ ሦስት ድምፁን ለገና እይዛለሁ፣ «አቬ ቬሩም»ን ለስቅለት። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ያለ ፒያኖ ስንዘምር እንወርዳለን። ጀምረን ስንጨርስ ፒያኖውን ስነካው ግማሽ ቶን (በፒያኖው ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ቁልፍ ያለው ርቀት)፣ አንዳንዴም ሙሉ ቶን ወርደን እናገኛለን። ምን ላድርግ?

ኖታ ሰብሳቢ፦

እኔ በአጭሩ ልናገር። ኖታውን ሲፒዲኤል ከሚባለው የኳየር ኖታ ማኅደር ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚወረድ ነው። ሞዛርትም ፓለስትሪናም መብታቸው ካበቃ ቆይቷል። የዘመናችን አሬንጅመንት ከሆነ ግን ባለመብት አለው፣ አንድ ገዝቶ 24 ማባዛት አይገባም። አዘጋጁም እንጀራው ነው።

ከኋላ ረድፍ ባስ፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደስ ብሎኛል።

መውረድ የሁሉም ኳየር በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አንድ ኖታ ተደጋግሞ ሲዘመር ነው። አምስት ጊዜ ያው ድምፅ ሲባል አምስተኛው ከአንደኛው ትንሽ ያንሳል። ዜማው ሲወርድ ደግሞ እርምጃችን ይሰፋል፣ ሲወጣ ያጥራል። ስለዚህ ለሶፕራኖዎችሽ «ስትወርዱ ትንሽ ትንሽ፣ ስትወጡ ሰፋ አድርጉ» በያቸው። በለሆሳስ ሲዘመርም እስትንፋስ ይቀንሳል፣ ድምፁም አብሮ ይሰምጣል። በለሆሳስ ሲዘምሩም ትንፋሻቸውን እንዳይለቁት ደጋግመሽ ንገሪያቸው።

አንድ ልምምድ አለ። ሁሉም አፉን ዘግቶ የመጀመሪያውን ኮርድ (አራቱ ድምፆች አንድ ላይ የሚያሰሙትን) ያንጎራጉር። ከዚያ ዝም ይበል። አሥር ቆጥረሽ፣ ያለ ፒያኖ፣ ያንኑ ኮርድ መልሰው እንዲያገኙት ጠይቂ። በመጀመሪያው ሳምንት አያገኙትም። በሦስተኛው ያገኙታል። ሌላ ዘዴም አለ፣ ያለ መሣሪያ የምትዘምሩትን ግማሽ ቶን ከፍ አድርገሽ ወይም ዝቅ አድርገሽ ጀምሪው። ምክንያቱን በቃል ማስረዳት ያስቸግረኛል፣ አንዳንድ መዝሙር ግን በአንዱ መነሻ ድምፅ ሁልጊዜ ይወርድና በጎረቤቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«አቬ ቬሩም» ግን የተጻፈው ከገመድ መሣሪያዎችና ከኦርጋን ጋር ነው። ኦርጋን ካላችሁ አስገቡት፣ ከሌለ በኪቦርድ ቀስ ብሎ ይያዝላችሁ። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ደግሞ ከላይ አትጀምሪ። ከ«ኤስቶ ኖቢስ» ጀምሪ፣ ስድስቱን ወንዶች ብቻ ይዘሽ፣ ሴቶቹ ተቀምጠው እየሰሙ። እነዚያ ሁለት ልጆች አንድ ጊዜ ሰው ዝም ብሎ ያድምጣቸው።