ለወተት ዕቃ ማጠኛ ደህና ወይራ ከየት ይገኛል?

«እርጎዬ የእናቴን ቤት ሽታ አላመጣ አለኝ፤ ደህና ወይራ ጠቁሙኝ» ላልሽው እህቴ፣ እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ወተት ከጎረቤት እወስዳለሁ። ወይራውን ግን ሦስት ቦታ ሞክሬያለሁ።

መጀመሪያ ከተማ ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ገዛሁ። ንጹሕ ነው፣ ለመያዝም ይመቻል። ግን ተፈልጦ ስለሚከርም ነው መሰለኝ ሽታው ሳስቷል። ለዋጋውም ትንሽ ናት።

ቀጥሎ የእንጨት ሥራ ቤት ቁርጥራጭ። ይህ ጉድ ሠርቶኛል። አንዱን ቁራጭ ቫርኒሽ ነክቶት ኖሮ ጭሱ ዓይን አቃጠለ። ስንት ጊዜ ያሟሸሁት ቅል ሽታው አልለቅ ብሎ ተጣለ። ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

አሁን የምገዛው በገበያ ቀን እንጨት ይዘው ከሚቀመጡት እናቶች ነው። የተፈለጠውን ተዉት፤ ክንድ የሚያህለውን ደረቅ ጉማጅ ከነልጡ ውሰዱና ቤት ፍለጡት። ወይራ ከባድ ነው፤ አንስታችሁ ቀለል ካላችሁ ተጠራጠሩ። ቅጠል ካለበት ገልብጡት፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ጀርባው ቡናማ ወርቃማ ነው። ደግሞ በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። ባህር ዛፍ ከሆነ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። መቼም የእንጦጦ ሰፈር ሰው ይህን ሽታ አይስትም።

አጠናኑ ላይ ጎረቤቴ እትዬ ያረሙኝን ልንገርሽ። እኔ ቅሉ እርጥብ እያለ አጥን ነበር። «መጀመሪያ ታጥቦ ጠብ ብሎ ይድረቅ» አሉኝ። ከዚያ የተቀጣጠለውን ስንጣሪ ነበልባሉን አጥፍቶ ውስጥ መክተት፣ አፉን ከድኖ ጭሱን ማፈን፣ በኋላ ከሰሉን አራግፎ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል። ወተቱ ሽታውን ይይዛል፤ ቶሎም አይበላሽም። በፕላስቲክ ጀሪካን ይህን የምትሞክር ካለች ግን እባክሽ ተይው!

ለጠላ ሌላ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። እትዬ ጥንጁት ይጨምሩበታል፤ ለወተት ግን ወይራ ብቻ ነው የሚሉት። እኔም ሞክሬ እሳቸው ልክ ናቸው።

መፋቂያም እዚያው ታገኛላችሁ። እርጥቡን ምረጡ፤ የደረቀ የወይራ መፋቂያ ድድ ያደማል። ችግኙንም ከችግኝ ጣቢያ ገዝቼ በር ላይ ተክያለሁ፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና ጉልበቴ ጋ ነው።

ገበያ በጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ የሚተርፈው ባህር ዛፍ ነው።