ሁለት አኩስቲክ ጊታር፣ ሁለታችንም በጣት፣ ጃዝ፦ ቤዙን ማን ይልቀቅ?

አውራ ጣት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ጓደኛዬ ለየብቻችን ፊንገርስታይል (ክሩን በጣት እየመታን) ነው የምንጫወተው። አሁን አብረን የቆዩ የጃዝ ስታንዳርዶችን (የጃዝ ሰው ሁሉ የሚጫወታቸውን የታወቁ ዘፈኖች) መሞከር ጀምረናል። ለየብቻ ስንሆን ሸጋ ነው፣ አብረን ስንሆን ግን ድምፁ ይጨማለቃል። ሁለታችንም ቤዙን በአውራ ጣት እንይዛለን፣ ሁለታችንም መሃሉን በኮርድ እንሞላለን፣ ከዚያ ሜሎዲው የት እንደገባ እንጃ። ድምፃዊ የለንም፣ ከበሮ የለንም፣ ቤዝ ተጫዋች የመጨመር ሐሳብም የለንም። በሁለት ጊታር ብቻ እንዴት ነው የሚሠራው? የሚሰማ ነገር ካለም ጠቁሙኝ። ፒክ (የክር መምቻዋን ቁራጭ) ያዙ የምትሉ ግን ይቅርባችሁ፣ በጣት ነው የምንፈልገው።

ባለናይለኑ፦
ፊንገርስታይል አንድን ሰው ሙሉ ባንድ ነው የሚያደርገው። ሁለታችሁ ስትገናኙ ሁለት ባንድ አንድ መድረክ ላይ ወጣ ማለት ነው፣ ቢጨማለቅ አይገርምም። ሜሎዲውን ወይም ሶሎውን የያዘው ሰው አውራ ጣቱን ያሳርፍ። አጃቢውም ስድስቱን ክር ሁሉ አይምታ። ሩቱ (የኮርዱ መነሻ ድምፅ)፣ ከእሱ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ይበቁታል።

ጊታርህን አንሳና ይቺን ሞክራት፤ ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7። ለዲ ማይነሩ 5ኛውን ክር 5ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ፣ 4ኛውን 3ኛ ፍሬት ላይ፣ 3ኛውን ደግሞ 5ኛ ፍሬት ላይ ያዝ። ወደ ጂ ስትሄድ ቤዙ 6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ይሆናል፣ 4ኛው ክር ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ 3ኛው ላይ አንድ ፍሬት ብቻ ወደ ኋላ ትላለህ። ወደ ሲ ስትገባ ቤዙን 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ አድርግ፣ አሁን 3ኛው ክር ባለበት ይቆያል፣ 4ኛው ነው በአንድ ፍሬት የሚወርደው። ከቤዙ ውጭ በእያንዳንዱ ለውጥ የተንቀሳቀሰው አንድ ድምፅ ነው፣ እሱም ግማሽ ቶን ብቻ። ጆሮ ግን ኮርዱን ሙሉ አድርጎ ይሰማዋል። ቀጫጭኖቹ ሁለት ክሮች (1ኛውና 2ኛው) ደግሞ አይመቱም፣ ያ ቦታ የጓደኛህ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
የሚሰማ ላልከው፣ ጊታሪስቶቹ ማርቲን ቴይለርና ቶሚ ኢማኑኤል በ2013 አብረው ያወጡትን አልበም አስቀድም። ቴይለር ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፣ ማጀብ ያውቅበታል። ኢማኑኤል ብቻውን ሲሆን መድረኩን የሚያናውጥ ነው፤ እዚያ ግን ለሌላው ቦታ ሲለቅ ትሰማዋለህ።

ቀጥሎ ቼት አትኪንስና ሌኒ ብሮ በ1981 ያወጡት አለ። ብሮ ሃርሞኒክስ (ክሩን ሳይጫኑ ነካ በማድረግ የሚወጣ ቀጭን፣ ደወል መሰል ድምፅ) ከተራ ድምፅ ጋር ያፈራርቃል፦ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት የግራ እጁ ከያዘው ፍሬት 12 ፍሬት ወደ ላይ ክሩን ነካ ያደርጋል፣ አውራ ጣት ይመታል፣ ከዚያ ቀለበት ጣት ሌላ ክር ላይ ተራውን ድምፅ ይጨምራል። ይሄ ለዱዎ ሁነኛ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ድምፁ በጣም ከላይ ስለሆነ ከማንም ጋር አይጋጭም። ሁለት የናይለን ክር ጊታር ከፈለግክ ደግሞ ሎሪንዶ አልሜዳና ቻርሊ በርድ አሉልህ። ብራዚላዊና አሜሪካዊ፣ ሁለቱም በጣት። ለኔ አንዳንዴ ከልክ በላይ ጨዋ ይሆኑብኛል፣ ግን ንጹሕ ሥራ ነው።

ፒክ አትበሉኝ ብለሃል፣ እኔ ግን እልሃለሁ፦ ኤዲ ላንግና ሎኒ ጆንሰን በ1928 እና በ1929 የቀዱትን ሳትሰማ እንዳታልፍ። ላንግ በፒክ ነው የሚጫወተው፣ ይሁንና የሁለት ጊታር ነገር ሁሉ እዚያ አለ። ጆንሰን ከላይ ይፈነጫል፣ ላንግ ከታች ኮርዱንና ቤዙን ይዞለት ይሄዳል። በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር ሙዚቀኛ አብረው ቀዱ ተብሎ ሸክላ መሸጥ ስለማይመች ላንግ ሸክላው ላይ የወጣው «ብላይንድ ዊሊ ደን» በሚል ስም ነው። ሰውየው ዓይነ ስውርም አልነበረም።

አምስተኛው ፍሬት፦
ባለናይለኑ ያለው ልክ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻ «አንተ አጃቢ፣ እኔ ሶሎ» ከሆነ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰው ስልኩን ያወጣል። ተቀያየሩ። አብዛኛው ስታንዳርድ 32 ባር (የምት ክፍል) ነው፣ መጀመሪያውን 16 አንዱ ይያዝ፣ ብሪጁን (ለየት የሚለውን የመሃል ክፍል) 8 ሌላው ይቀበል፣ የመጨረሻው 8 ላይ ተመለሱ። መቀያየሪያው ላይ አንድ ባር ሁለታችሁም ዝም ብትሉ ምንም አትሆኑም፣ እንዲያውም ያምራል።

ሌላው ካፖ ነው፣ አንድ ፍሬት ላይ ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ። የጃዝ ሰዎች ካፖ ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ ተዋቸው። አንዱ በሲ እንዳለ ይጫወት፣ ሌላው 5ኛ ፍሬት ላይ ካፖ አድርጎ የጂ ቅርጾችን ይያዝ። ያው ሲ ነው የሚወጣው፣ ታችኛው ቤዝ ግን ከእጁ ስለወጣ ቢፈልግም አይጋጭም። ዘፈኑ ቁልፍ የሚቀያይር ከሆነ ካፖው መከራ ያሳያችኋል፣ እሱን ዕወቁ። ከቻላችሁ ደግሞ አንዱ ናይለን፣ አንዱ ብረት ክር ይሁን።

አውራ ጣት፦
እናመሰግናለን፣ የሦስቱን ድምፅ ነገር አሁኑኑ ሞከርኩት፣ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ከበሮ ከሌለ ምቱን ማን ይይዛል? መሃል ላይ እንሮጣለን።

ባለናይለኑ፦
አጃቢው ነዋ። ጊታሪስቱን ፍሬዲ ግሪንን ስማ፣ ከ1937 ጀምሮ ካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ አኩስቲክ ጊታር ይዞ አራቱንም ምት ሲመታ ኖረ፣ ሶሎ ውስጥ ብዙም የለም። በጣት ስትሠራው አውራ ጣትህና ሁለት ጣቶችህ አንድ ላይ ይቆንጥጡ፣ ወዲያው የግራ እጅህን ላላ አድርገው፣ ፍሬቱን ሳትለቅ። ድምፁ አጭር ይሆናል፣ ከበሮውን እሱ ይተካልሃል። ሜትሮኖሙንም (ምት ቆጣሪውን) በአንድና በሦስት አታስመታው፣ በሁለትና በአራት አድርገው። መጀመሪያ ያናድዳል።

አውራ ጣት፦
እሺ፣ ቅዳሜ እንሞክራለን። ካፖ የሚያውሰን ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።